ጎረቤቴ ለእኔ ሲሉ በክርስቲያን እጅ ያሳረዱት ወጠጤ

ከማርቆስ_ሐረር፣ ሰኔ 4 ቀን 2017

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሐረር በሥራ ተመድቤ ከመጣሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ማርቆስ ነው። አንድ ነገር ሆዴ ገብቶ አልወጣ ብሎኛልና ረዘም አድርጌ ልጽፈው ነው፣ ታገሱኝ።

የምኖረው ጀጎል ውስጥ ነው፣ ከአንዲት ሐረሪ እናት ግቢ አንድ ክፍል ተከራይቼ። እንደ ልጆቻቸው እኔም «አይ» ነው የምላቸው፤ በቋንቋቸው እናት ማለት ነው። ወባ የጣለኝ ጊዜ ያስታመሙኝ እሳቸው ናቸው። ግቢው ውስጥ አንድ ቡናማ ወጠጤ ነበር። ማታ ጫት ተቅሞ ሲያበቃ የተረፈውን ገራባ ሰብስቤ ስወጣ ገና በሩ ሲንቋቋ ያውቀኛል፤ እጄ ላይ ያለውን ጨርሶ ኪሴን ይፈትሽ ነበር።

ሥጋ ካቆምኩ አንድ ዓመት ከመንፈቅ አልፎኛል። ሃይማኖት አልቀየርኩም፣ ሐኪምም አልከለከለኝም። ከጅግጅጋ ስመለስ ነው። ዳካታን አልፈን ባቢሌ ሳንደርስ ሚኒባሳችን ከብት የጫነ ኢሱዙ ኋላ ኋላ ረጅም መንገድ ተከተለ። በሬዎቹ ተጠጋግተው ቆመዋል። አንዱ ወድቆ ሌሎቹ ቆመውበታል፤ አንገቱ በአጭር ገመድ ከብረቱ ጋር ስለታሰረ ጭንቅላቱ ብቻ ወደ ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል። ሚኒባስ ውስጥ ያለን ሁሉ አየነው፣ ማንም ምንም አላለም። እኔም አላልኩም። ሐረር ስንገባ የምሳ ሰዓት ነበር፤ ጓደኞቼ ጥብስ አዘዙ፣ እኔ ሽሮ በላሁ። ከዚያ ወዲህ አልተመለስኩም።

ለማንም አልተናገርኩም። መደበቅ አይከብድም፤ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ሁዳዴ 55 ቀን አለ፣ ነቢያት አለ፣ ፍልሰታ አለ። በሌላው ቀን ደግሞ ሙስሊም ቤት ስጋበዝ ክርስቲያን መሆኔ በቂ ምክንያት ነው።

የዘንድሮው ዓረፋ ግን ግንቦት 29 ዋለ። ዓርብ ነው፣ በዓለ ሃምሳ ስላልወጣ ግን ጾም የለም። አይ የራሳቸውን በግ እንደ ሥርዓታቸው አሳረዱ። ከዚያ ከሸዋ በር አካባቢ አንድ ክርስቲያን አራጅ አስጠርተው ወጠጤውን ለእኔ አሳረዱት፣ «ልጄ በበዓላችን ጦሙን አይውልም» ብለው። ድስቱ አዲስ፣ ቢላው የአራጁ፣ ወጡን የሠራችው ክርስቲያን ጎረቤት። ከሥራ ስመለስ ሁሉም አልቆ ትሪው ፊቴ ቀረበ። አይ አጠገቤ ተቀምጠው እያዩኝ ነው።

በላሁ። ሦስት ጉርሻ፣ አራተኛውን እሳቸው አጎረሱኝ። ማታ ገራባው በሩ ሥር እንደተቆለለ አደረ።

አሁን የሰኔ ጾም ገብቷል፤ እስከ ሐምሌ 5 ድረስ ማንም አይጠይቀኝም። ከዚያ በኋላስ? ሐረር ከመጣሁ ጀምሮ ሰው የሚጠይቀኝ «የማን ሥጋ ትበላለህ?» ብሎ ነው። ሠርግ ላይ ሁለት ድስት፣ ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ሥጋ ቤት። የእኛ አራጅ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረዋል፤ የእነሱ ወደ ቂብላ፣ ከሐረር ሲታይ ወደ ሰሜን። እኔ በሁለቱ መሐል እንግዳ ሆኜ ስቆም የሚታየኝ ሌላ ነው፤ የፈጣሪ ስም የሚጠራባት ደቂቃ አጭር ናት። ከዚያ በፊት ያሉት ሁለት ሦስት ቀኖች፣ ገመዱና መኪናው፣ ስለ እነሱ ግን የሚጠይቅ አላጋጠመኝም። ንገሩኝ እስቲ፣ በዚያ ቀን ምን ማድረግ ነበረብኝ?

የድሬ_ልጅ፣ ሰኔ 4

አቦ በደንብ አደረግክ፣ በላህ፣ አከበርካቸው፣ አለቀ። እኔ ከዚራ ተወልጄ ያደግኩ ክርስቲያን ነኝ፤ ጎረቤቶቻችን ሁሉ ሙስሊም ነበሩ፣ እናታቸው ለእኔ ብላ ዶሮዋን ይዛ ወደ እኛ ቤት መጥታ «በእናንተ እጅ ይታረድ» ስትል አይቻለሁ። እንዲህ ዓይነት ፍቅር ሌላ የት አለ? ስለ ወጠጤው ማዘንህ አይከፋኝም። ግን እንስሳ ለሰው ተፈጠረ። ሰውን አስቀይመህ ፍየል ብታከብር ምን ዋጋ አለው?

ዲያቆን_ዘሸዋበር፣ ሰኔ 4

ወንድሜ፣ ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረውን ልንገርህ፣ ጭንቀትህ የቆየ ጥያቄ ስለሆነ። አዳምና ሔዋን በገነት የተሰጣቸው ምግብ ዘር የሚሰጥ ቡቃያና የዛፍ ፍሬ ነው። ሥጋ የተፈቀደው ከጥፋት ውኃ በኋላ ለኖኅ ነው፤ ያውም ደሙን አትብሉ ከሚል ማጠሪያ ጋር። አባቶች ይህን ሲተረጉሙ ጾማችን ወደ ገነቱ ማዕድ መመለስ ነው ይላሉ። መነኮሳት ሥጋ የማይበሉት በዚህ መንፈስ ነው።

ሁለት ነገር ግን ለይ። አንደኛ፣ ጾም ለእንስሳው ተብሎ የታዘዘ አይደለም፤ ለነፍስህ ነው። አዝነህ የተውከውን በጾም ስም ስትደብቅ ጾሙንም ኀዘንህንም ታሳንሳቸዋለህ። ሁለተኛ፣ ራስህ መተው ትችላለህ፣ የሚበላውን ግን ኃጢአተኛ ማለት አትችልም። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች የጻፈው ይህንኑ ነው፤ የሚበላ የማይበላውን አይናቅ፣ የማይበላም በሚበላው አይፍረድ። ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ ደግሞ በምሳሌ ተጽፏል፣ ስለዚህ በኢሱዙው ላይ ያየኸው ነገር ስላሳዘነህ አትፈር።

ጧሊብ_ጀጎል፣ ሰኔ 4

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁሉም። ዲያቆኑ ያሉት ከእኛ ጋር በአንድ ቦታ ይገናኛል። አላህ የፈቀደውን ሐራም ማለት አይፈቀድልንም፤ ሥጋን ሰው ስላልወደደው ቢተወው ግን አይወቀስም።

ስለ ኢሱዙው ልጨምር። የፈጣሪ ስም የሚጠራባት ደቂቃ አጭር ናት ያልከው ትክክል ነው፣ ግን ሃይማኖታችን በዚያች ደቂቃ ብቻ የቆመ እንዳይመስልህ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላህ በነገር ሁሉ ላይ መልካም አሠራርን እንደደነገገ፣ የሚያርድ ሰው ቢላውን እንዲስልና እንስሳውን እንዲያሳርፍ አዘዋል። ቢላ በእንስሳው ፊት አይሳልም፣ አንዱ ሌላው እያየ አይታረድም፣ ወደ መታረጃው እየተጎተተ አይወሰድም። ግመል ቆሞ አንድ እግሩ ታስሮ ከአንገቱ ሥር ነው የሚወጋው፤ ረጅም አንገቱ ላይ ቢታረድ ሞቱ ስለሚዘገይ ነው። እኔ ኪታብ ላይ ይህን ሁሉ አንብቤ ጊዲር መጋላ ገበያ ስወርድ ግን ሰው ሥጋው ሐላል መሆኑን እንጂ እንዴት እንደመጣ ሲጠይቅ አልሰማሁም። እኔም ጠይቄ አላውቅም። ዛሬ ጽሑፍህን ካነበብኩ በኋላ አፈርኩ።

ስለ አይ፦ ለኡድሒያ፣ ማለትም ለዓረፋ መሥዋዕት፣ ከሚታረደው ሦስት እጅ ተደርጎ አንዱ ለቤት፣ አንዱ ለዘመድና ለጎረቤት፣ አንዱ ለድሃ ይሰጣል። ሙስሊም ያልሆነ ጎረቤትም ከዚያ ሊሰጠው ይችላል። እሳቸው ግን አንተ ያንን እንደማትበላ ስለሚያውቁ ከግዴታቸው ውጪ ሌላ ነፍስ ጨመሩ። ይህን አቅልለህ አትየው።

የቀፊራ_ምሳ፣ ሰኔ 5

እኔ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ምሳ እሸጣለሁ። የሥጋ ዋጋ ከመናሩ የተነሳ ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ጾም ቢሆንም ባይሆንም በያይነቱ ነው የሚያዙት። ልጆች ያላት እናት አንድ ሩብ ኪሎ ገዝታ ለአምስት ስታከፋፍል እያየሁ ሥጋ አትብሉ የሚል ክርክር ይጨንቀኛል። ደሞዝ ያለው ሰው መተውና ያጣ ሰው መተው አንድ አይደለም።

የኮምቦልቻ_ልጅ፣ ሰኔ 5

እኔ የገበሬ ሴት ልጅ ነኝ፣ ከምሥራቅ ሐረርጌ ኮምቦልቻ። የሐረር ሰንጋ ሲባል ሁላችሁም ሥጋውን ታወድሳላችሁ፤ እንዴት እንደሚያድግ ግን ከእናንተ መሐል ያየ ጥቂት ይመስለኛል።

መሬታችን ጠባብ ነው፣ ግጦሽ የለም። አባቴ በሬውን ለሁለት ሦስት ዓመት ያርስበታል፣ ከዚያ ያደልበዋል። በሬው ቤት አጠገብ ታስሮ ነው የሚውለው፤ ምግቡ ወደ እሱ ይመጣል። ማሽላውን ጥቅጥቅ አድርገን የምንዘራው ለዚህ ነው፤ እያሳሳን የምንነቅለው ለእሱ ነው። ከታች ያለው ቅጠል እየተቀነጠሰ፣ አገዳው እየተቆረጠ፣ የድንች ልጣጭ፣ አረም፣ ሁሉም። እምቢ ሲል አባቴ ጠቅልሎ በእጁ ያጎርሰዋል። አዎ፣ ያጎርሰዋል፣ ልክ አይ አንተን እንዳጎረሱህ። ሌሊት ተነስቶ ያየዋል። እኛ ልጆች ታመን እንደዚያ የተጠበቅን አይመስለኝም።

ከዚያ ይሸጠዋል። የትምህርት ቤት ወጪዬ፣ የታላቅ ወንድሜ ሠርግ፣ የቤታችን ቆርቆሮ ከበሬ ነው የመጣው። አባቴ በሬ ሸጦ በመጣ ማታ እራት አይበላም፤ ለምን ብለን ጠይቀነው አናውቅም። ስለዚህ ሥጋ የሚበላ ሁሉ ጨካኝ ነው ከተባለ አልቀበልም፣ አባቴን አውቀዋለሁና። በሬው ግን ከአባቴ እጅ ወጥቶ ነጋዴ እጅ ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን አባቴም አያይም፣ ማየትም አይፈልግም። ያ ኢሱዙ ላይ የወደቀው በሬ የእኛ ዓይነት ሰው በእጁ ያጎረሰው ሊሆን ይችላል።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ፣ ተቆጥቼ አይደለም። ወተት ትጠጣለህ? ቅቤስ? ላም ወተት የምትሰጠው ወልዳ ነው። ከሚወለዱት ግማሾቹ ወይፈን ናቸው። እነሱ የት የሚሄዱ ይመስልሃል?

ከማርቆስ_ሐረር፣ ሰኔ 5

እጠጣለሁ። ይህን አስቤው አላውቅም ነበር፣ እግዜር ይስጥሽ። መልስ የለኝም።

ሹፌር_ምሥራቅ፣ ሰኔ 6

ስም አልጠቅስም፣ ግን ያ ኢሱዙ የእኔ ሊሆን ይችል ነበር። ከብት እጭናለሁ፤ ባቢሌ፣ ጅግጅጋ፣ ሐረር፣ ድሬ፣ አንዳንዴም አዳማ ድረስ።

እንዲህ ነው የሚሠራው። ነጋዴው የሚከፍለኝ በጉዞ ነው፣ ስለዚህ በተቻለ መጠን አጥብቆ ያስጭናል። እንደ እሱ አባባል ከተጣበቁ አይወድቁም። ትንሽ እውነት አለው፤ ክፍት ቦታ ከበዛ ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ይንሸራተታሉ። ግን አንዱ ከወደቀ በመጣበቃቸው ምክንያት መነሳት አይችልም። ረዳቱ ወደ ላይ ወጥቶ የወደቀውን ጅራቱን ይጠመዝዛል። ካልተነሳ ይቀጥላል። ውኃ ላጠጣ ብዬ ብቆም ማውረጃ የለም፤ ከፍ ያለ አፈር ፈልገን የኋላውን በር አስጠግተን ነው የምናወርደው፣ እሱም በየቦታው አይገኝም። ካወረድኩ መልሼ ለመጫን ግማሽ ቀን ይሄዳል፣ ኬላ አለ፣ ነጋዴው ይደውላል። ከብቱ ውኃ ሳያይ ይደርሳል።

የሞተ ወይም የተሰበረ ካለ ኪሳራው የነጋዴው ነው፣ አንዳንዴ ከእኔም ይቆረጣል። ጭካኔ ሆኖብኝ አይደለም የምለው፤ መጀመሪያ ዓመት ከኋላ ያለውን መስታወት ማየት አልችልም ነበር። አሁን አያለሁ፣ ምንም አይሰማኝም። ይህን ስጽፍ ነው ምንም እንደማይሰማኝ ያወቅኩት።

ከደጋሃቡር፣ ሰኔ 6

ሶማሌ ነኝ፣ ኑሮዬ ድሬዳዋ ነው። የከተማ ሰው አርብቶ አደር ሲባል ሥጋ ሲበላ የሚውል ይመስለዋል። አያቴ ሥጋ የምትበላው እንግዳ ሲመጣ ወይ በዓል ሲሆን ነበር፤ የምትኖረው በወተት ነው። እያንዳንዷ ግመል ስም አላት፣ የእናቷ ስም ይታወቃል፣ ስትጠራ ትመጣለች።

ከ2013 እስከ 2015 ጉና ዴይር የተባሉት ዝናቦች በተከታታይ አምስት ጊዜ ከሸፉ። በሚሊዮን የሚቆጠር እንስሳ ረገፈ። አያቴ ከሦስት ግመሎቿ ጋር ቀረች። ቆዳና አጥንት ሆነው መቆም ሲያቅታቸው በገመድ እየሳቡ ሲያቆሟቸው አይቻለሁ። እዚያ ቦታ ላይ ማረድ ምሕረት ነው፤ ሐላል ሆኖ እንዲሞት ተሯሩጠን ያረድነው አለ። ማሽላ በማይበቅልበት መሬት ላይ እህል ብቻ ብላ ማለት ከዚያ ምድር ውጣ ማለት ነው። ከማርቆስ የመጣው ወንድሜ ይህን አላለም፣ አውቃለሁ። ግን እንስሳን የማይበላ ሁሉ እንስሳን ያውቃል ማለት አይደለም።

የድሮ_ተማሪ፣ ሰኔ 7

ድሬዳዋ ስማር የሒሳብ መምህራችን ህንዳዊ ነበሩ። ሥጋም ዓሣም እንቁላልም አይበሉም። እኛ ዓመቱን ሙሉ የሚጾሙ ቅዱስ ሰው አድርገን እንፈራቸው ነበር። አንድ ቀን አንዱ ተማሪ «ጾምዎ መቼ ነው የሚፈታው?» ሲላቸው፣ «ጾም አይደለም፣ በአያቴም ቤት አይበላም ነበር» አሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሥጋ የማይናፈቅበት ቤት ይኖራል ብሎ ያሰበ ከመሐላችን አልነበረም።

ከማርቆስ_ሐረር፣ ሰኔ 7

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከደጋሃቡር የጻፍከው ወንድሜ፣ ልክ ነህ። ለአያትህ የምለው ነገር የለኝም፤ ጥያቄዬ እንደ እኔ ምርጫ ላለው ሰው ነው።

እንስሳ ለሰው ተፈጠረ ላልከው የድሬ ልጅ ግን አንድ ነገር ላንሳ። ሐረር እንደገባሁ ፈላና በር ጅብ ሲበላ ልይ ብዬ ሄጄ ነበር። ሰውየው ሥጋውን በእንጨት ጠቅልሎ፣ እንጨቱን በጥርሱ ይዞ በየስማቸው ይጠራቸዋል፤ እነሱም ቀስ ብለው ይወስዳሉ። ጀጎል ግንብ ላይ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ እንኳ ተትቶለታል። ለአንዱ እንስሳ ስም አውጥተን ሌላውን ቆርጠን እናጎርሰዋለን። ወይም አህያን እንይ። በ2009 ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ተከፍቶ ሕዝቡ ስለተቃወመ ተዘጋ፤ የአፍሪካ ኅብረትም በ2016 የካቲት የአህያ ቆዳ ንግድን አገደ። ያኔ ሰው የተናገረው አህያ አይበላም፣ ሃይማኖታችን አይፈቅድም ብቻ አልነበረም፤ ስትሸከምልን ኖራ እንዴት ትታረዳለች ብሎ ያዘነም ነበር። በሬውስ ሲያርስልን አልኖረም?

እኔ አትብሉ አልልም። አገራችን ከ60 ሚሊዮን በላይ ከብት ያላት ናት፣ ኑሯችን ከእነሱ ጋር የተሳሰረ ነው። «የሚበላና የማይበላ» ብለን የምንለይበት መስመር ግን እንስሳው ምን ይሰማዋል ከሚለው ጋር ግንኙነት እንደሌለው ማየት ያለብን ይመስለኛል።

የድሬ_ልጅ፣ ሰኔ 7

ስለ በሬው ያልከውን ሳስበው አደርኩ። ሥጋ አልተውም። ግን ዶሮ ገዝቼ ሁለቱን እግሯን አስሬ፣ ዘቅዝቄ ባጃጅ ውስጥ ይዤ ስሄድ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ነው። ዛሬ ሚስቴን ካርቶን ፈልጊ አልኳት።

ከማርቆስ_ሐረር፣ ሰኔ 12

ለአይ ነገርኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ቁጢ፣ የቡና ቅጠል ሻይ፣ አፍልተው ጠሩኝ። ዲያቆኑ በጾም አትደበቅ ያሉኝ ልቤ ውስጥ ስለነበረ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ ከዳካታ መንገድ። ሳላቋርጥ ነገርኳቸው፣ እስከ አራተኛው ጉርሻ ድረስ። ዝም ብለው ሰሙኝ። ሥጋውን ባለመፈለጌ ይከፋቸዋል ብዬ ነበር። የከፋቸው ግን ሌላ ነው። «ሦስት ዓመት እኔ ቤት ኖረህ፣ የምትወደውን አላውቅም ማለት ነው?» አሉኝ። «እኔ ነግረኸኝ ቢሆን ወጠጤው ዛሬ እዚህ ነበር» ሲሉ እንባ ያዛቸው። እኔንም ያዘኝ።

ቀጥለው የነገሩኝን ልጻፈው። ከእጃቸው የወጣ እንስሳ ውኃ ሳይጠጣ ታርዶ አያውቅም። ወጠጤውንም አራጁ ሲመጣ «ቆይ» ብለው በሳህን አጠጥተውታል፤ ክርስቲያኑ አራጅ ተገርሞ እስኪጨርስ ቆሞ ጠበቀ። እናታቸው ያስተማሯቸው እንዲህ ነው። እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ ከቢላው በፊት ስላለው የሚያስብ የለም ስል ነበር፣ እሳቸው በእጃቸው ሳህን ይዘው።

ዓሹራ በዚህ ወር መጨረሻ ነው፤ ለወራባው፣ በእነሱ ቋንቋ ለጅቡ፣ በቅቤ የሚቀርበውን ገንፎ ሲያገነፉ እንድረዳቸው ጠይቀውኛል። ቀድሞ በረሃብ ዘመን ጅብ ሰው መብላት ሲጀምር ሽማግሌዎች በገንፎ አስታረቁት ይባላል። ገንፎውን ማማሰያ የሚይዝ ጠንካራ ክንድ ያስፈልጋል አሉ።

ሹፌር_ምሥራቅ፣ ሰኔ 13

ሐሙስ ጭነት አለኝ፣ ከባቢሌ ሐረር። ነጋዴውን አነጋግሬ ሁለት በሬ ቀንሶ እንዲጭን ተስማማን፤ ለአንድ ጉዞ ነው፣ የተሰበረ ከሌለ ይቀጥላል፣ ካለ ወደ ድሮው ይመለሳል። የገበሬ ልጅ የሆንሽው እህቴ፣ አባትሽን ጠይቂልኝ። ገመዱን ባስረዝመው እግራቸው ይጠለፋል፣ ባሳጥረው እንደዚያኛው ይሰቀላሉ። ምን ላድርግ?

የኮምቦልቻ_ልጅ፣ ሰኔ 13

ደውዬ ጠየቅኩት። ከአንገቱ አትሰር፣ ከቀንዱ ሥር እሰር ብሏል። ቋጠሮው በአንድ ስበት የሚፈታ ይሁን፣ ሲወድቅ ረዳትህ ሳይቆርጥ እንዲለቅለት። ወለሉ ላይ አሸዋ አልብስ፣ ብረቱ በሽንትና በእበት ሲርስ ነው የሚያንሸራትታቸው። ከመጫንህ በፊት አጠጣቸው። የማይተዋወቁትን ጎን ለጎን አታቁም፣ ይዋጋሉ፤ ከአንድ ቤት የመጡትን አንድ ላይ አድርግ ብሏል።

ስንት ሰዓት ላይ እንደምትነሳም ጠይቆኛል። ፀሐይ ሳይከር ይሻላል ይላል።

ሹፌር_ምሥራቅ፣ ሰኔ 13

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እነሳለሁ። አሸዋውን ዛሬ አመጣለሁ።